ከቤተ መንግሥት የተሸለመ የቤተሰብ ዕቃ እንዴት ይገመታል? ኒሻን፣ የምኒልክ ብር፣ ካባ፣ ደብዳቤ

ዋንዛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከአያታችን የወረደ አንድ ሳጥን ለአራት ወራሾች ሊከፋፈል ስለሆነ በፊት የእያንዳንዱን ዕቃ ምንነትና ግምት ማወቅ እንፈልጋለን። በውስጡ ያለው ይህ ነው፦ የኮከብ ኢትዮጵያ ኒሻን ከነማስቀመጫው፣ ሁለት የምኒልክ ብር፣ በወርቅ ክር የተጠለፈ ጥቁር የከፋይ ካባ፣ ከላይ ማኅተም ያለበት ቀኑ የጠፋ ደብዳቤ፣ ፊርማ ያለበት የጃንሆይ ፎቶግራፍ። በቤተሰቡ የሚነገረው ኒሻኑንም ካባውንም ዳግማዊ ምኒልክ እንደሸለሙ ነው። ከምን እንጀምር? ብሩና ኒሻኑ ስለጠቆሩ በሎሚና በአመድ ልናጸዳቸው አስበናል።

አንጥረኛው፦
እባክዎ ሎሚውንም አመዱንም ይተዉት። ሎሚው አሲድ ነው፤ በኒሻኑ ቀለም ስንጥቅ ገብቶ ከሥሩ ያለውን ብረት ይበላል። አመዱ ደግሞ ፊቱን ይፍቃል። ሰብሳቢ የሚከፍለው ለዚያ ለጠቆረው ፊት ነው፤ የተፋቀ ብር ብዙ ጊዜ ከብረቱ ዋጋ እምብዛም አያልፍም። ቀለበት የተበየደበትና የተበሳም እንዲሁ ነው።

ብሩን በቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል። የምኒልክ ብር ክብደቱ 28.075 ግራም ሲሆን ከሺህ 835 እጁ ጥሩ ብር ነው፤ የተመታው ፓሪስ ነው። በአንድ በኩል የንጉሠ ነገሥቱ ምስል፣ በሌላው ዘውድ የደፋና ሰንደቅ የያዘ አንበሳ አለበት። ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር የተጻፈ ነው፤ ለምሳሌ ፲፰፻፹፯ ወይም ፲፰፻፹፱። ሁለት አኃዝ ከነጥብ በኋላ የሚያሳይ የወርቅ ቤት ሚዛን ይፈልጉ። መጀመሪያ ደረቁን ብር ይመዝኑ። ከዚያ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አድርገው ወደ ዜሮ ይመልሱት፤ ብሩን በቀጭን ክር አስረው ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ ይንጠልጠል፣ ታችኛውንም ጎኑንም አይንካ። ሚዛኑ የሚያሳየውን ቁጥር ይያዙና ደረቁን ክብደት ለእሱ ያካፍሉ። ትክክለኛው ብር ወደ 10.2 ይመጣል፤ በውኃው ውስጥ 2.75 ግራም ገደማ ያሳያል ማለት ነው። ነሐስ ከሆነ ውጤቱ 8.5 አካባቢ ይሆናል። በክሩ ላይ አረፋ ከተጣበቀ ቁጥሩ ስለሚዛባ ክሩን ነካ ነካ አድርገው ያራግፉት።

ክብደቱ ትክክል ቢሆንም አይበቃም። በማፍሰስ የተሠራ ሐሰተኛ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ፊቱ በትናንሽ ቀዳዳዎች የተበሳሳ ነው፤ ፊደሎቹም ጠርዛቸው ሙልሙል ይላል። ዙሪያው ላይ የመጋጠሚያ መስመር ካለም ፈሶ እንጂ ተመትቶ አልተሠራም።

ወደ ኒሻኑ ስመጣ፣ ጀርባውንና የማስቀመጫውን ክዳን ውስጠኛ ሐር ያንብቡ። የሠሪው ስም እዚያ ነው የሚገኘው፤ የአዲስ አበባው ሴቫጂያን፣ የለንደኑ ማፒን ኤንድ ዌብ ወይም የፓሪሱ አርቱስ በርትራን ሊሆን ይችላል። ደረጃውንም ይለዩ። በአንገት የሚንጠለጠል ነው፣ በደረት የሚሰካ? ሪባኑ ላይ ክብ የጨርቅ አበባ አለው? ያው አንድ ኒሻን እንደ ደረጃው ዋጋው በብዙ ይለያያል።

ድርሳን፦
ከላይ በተባለው ላይ የምጨምረው ዋናው ጉዳይ ማዕረግና ዘመን መስማማታቸው ነው። የቤተሰብ ቃል ጥሩ ጥቆማ ነው፤ ማስረጃ የሚሆነው ግን ዕቃው ላይ ያለው ጽሑፍ ከዘመኑ ጋር ሲገጥም ብቻ ነው።

ኮከብ ኢትዮጵያን የመሠረቱት ምኒልክ ናቸው። ሽልማቱ ግን እስከ ንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት መጨረሻ ድረስ ይሰጥ ነበር። ስለዚህ "የምኒልክ ኒሻን" የሚለው የቤተሰቡ ቃል እውነት ሆኖ ሳለ ሸላሚው ግን ጃንሆይ የሆኑበት አጋጣሚ ብዙ ነው። የሠሪው ስም ይህን ይፈታዋል።

ለደብዳቤው ይህን ሰንጠረዥ በአእምሮዎ ይያዙ። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት የተባሉት መጋቢት 1881 ዓ.ም.፣ ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 1882 ነው፤ ከዚያ በፊት የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። ዘውዲቱ የነገሡት መስከረም 1909፣ ዘውድ የጫኑት የካቲት 1909 ነው። ተፈሪ መኮንን እስከ መስከረም 1921 ድረስ ራስ፣ ከዚያ ንጉሥ፣ ከመጋቢት 1922 ጀምሮ ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 23 ቀን 1923 ነው። "ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ" ብሎ 1919 የሚል ወረቀት ካያችሁ ወይ ቀኑ ወይ ወረቀቱ ሐሰት ነው።

በምኒልክ ደብዳቤ ላይ ዋናው ማረጋገጫ ከራስጌው የተመታው ማኅተም ነው። "ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ" ብሎ ይጀምርና ስማቸውንና ማዕረጋቸውን ያስከትላል። ከግርጌው የምኒልክ ፊርማ በብዕር ሲታይ ጥርጣሬ ይግባችሁ። በአማርኛ ታይፕ የተጻፈ "የምኒልክ ደብዳቤ" ደግሞ በዚያ ዘመን ሊኖር አይችልም። የማኅተሙን ቀለም በአሥር እጥፍ አጉሊ መነጽር ይመልከቱ፤ እውነተኛው በወረቀቱ ጭረት ውስጥ ሰርጎ ይታያል፣ በኮምፒውተር የታተመው ግን ወደ ባለቀለም ነጠብጣብ ይበታተናል።

የፎቶግራፉን ወረቀት ሐሰተኛ ኖት በሚለይበት አልትራቫዮሌት መብራት ጨለማ ክፍል ውስጥ ይዩት። ደማቅ ሰማያዊ ካበራ ወረቀቱ ማንጫ ኬሚካል አለበት፤ ይህ ከ1940ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ የመጣ ነው። ፊርማውን ደግሞ አግድም በብርሃን ይመልከቱት፤ የብዕር ቀለም ከፎቶው ፊት ላይ ለየት ብሎ ያንጸባርቃል፣ አብሮ የታተመ ፊርማ ግን ከምስሉ ጋር አንድ ዓይነት ነው። በብዛት የተሰራጨው አብሮ የታተመው ነው። ጀርባውንም አይርሱ፤ እንደ ቦያጂያን ያሉ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ማኅተም ከፊርማው ባልተናነሰ ሊያስረዳ ይችላል።

የተሸላሚው ስም ከታወቀ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ሄዶ ጋዜጣ ማገላበጥ ድካሙን ይክሳል። ብርሃንና ሰላም ከ1917፣ አዲስ ዘመን ከ1933 ጀምሮ አለ።

ጥልፍ_እጅ፦
ካባውን አይጠቡት፣ አይተኩሱት፣ ክሩንም በእሳት አይፈትኑት። የድሮው የወርቅ ክር በሐር ወይም በጥጥ እምብርት ላይ የተጠመጠመ፣ ወርቅ የተቀባ ቀጭን የብር ጥፍጥፍ ነው። በአጉሊ መነጽር ጥምጥሙ ይለያል፤ በተሰበረበት ቦታ ቢጫ ወይም ነጭ እምብርቱ ብቅ ይላል፣ ብሩም ጠቁሮ ይታያል። ዘንድሮ የሚሸጠው ፕላስቲክ ክር ጠፍጣፋ ነው፤ ምንም ቢያረጅ አይጠቁርም።

ገበሩን ቀና አድርገው ስፌቱን ይመልከቱ። አሮጌ ጥልፍ ከተበላሸ ከፋይ ተቆርጦ በአዲስ ላይ መሰፋቱ የተለመደ ነው፤ ይህ ሐሰት አይደለም፣ ዋጋውን ግን ይቀንሳል፣ ለገዢም መነገር አለበት። በጥልፉ ዙሪያ የተቀደደ ጠርዝና ሁለት ዓይነት ክር ካዩ ያ ነው። በሚታጠፍበት ቦታ የወርቁ ክር ስለሚሰበር ሳይታጠፍ፣ በንጹሕ ነጭ አቡጀዲ በተጠቀለለ ዱላ ላይ ፊቱን ወደ ውጭ አድርገው ይጠቅልሉት።

ዋንዛ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። ሎሚውን ትተነዋል። የመጀመሪያው ብር ደረቁ 27.9፣ ውኃ ውስጥ 2.74 አሳየ። ሁለተኛው 24.6 እና 2.9 ነው። የኒሻኑ ክዳን ውስጥ ሴቫጂያን የሚል አለ። ግምቱን አሁን ማን ይሥራልን? አንዷ እህታችን የምትኖረው ውጭ አገር ነው፤ ድርሻዋን መውሰድ ትችላለች?

አንጥረኛው፦
የመጀመሪያው 10.2 ነው፤ የጎደለው ትንሽ ነገር በእጅ መዘዋወር ያመጣው ነው። ሁለተኛው 8.5 ወጣ፤ ነሐስ ላይ ብር የተቀባ ነው፣ ከግምቱ ያውጡት።

ለክፍፍል የብረቱን ዋጋ በግራም ማስላት ዝቅተኛውን ወለል ብቻ ነው የሚሰጣችሁ። የሚያስፈልገው የገበያ ግምት ነው፤ ይኸውም በቅርቡ ተመሳሳይ ደረጃና ይዞታ ያለው ዕቃ በርግጥ የተሸጠበት ዋጋ። ሻጭ የለጠፈው ዋጋ አይቆጠርም። ዕቃውን ልግዛችሁ የሚል ሰው ገማች እንዳይሆን፤ ክፍያውም በመቶኛ ሳይሆን በቁርጥ ይሁን።

ድርሳን፦
በውጭ ስላለችው እህታችሁ፦ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። የግል ንብረት መሆኑ ይህን አይለውጠውም። አስቀድማችሁ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ዘንድ አስመዝግቡ። ድርሻዋን በገንዘብ ማካካስ ከሁሉም ይቀላል።

ኒሻኑን ከማስቀመጫው፣ ካለም ከሽልማት ወረቀቱ ጋር ለአንድ ሰው ስጡት፤ ከተነጣጠለ ማን ለማን እንደሸለመው ማሳየት አይቻልም። ሴቫጂያን የሚለው ከጃንሆይ ዘመን ጋር ያስኬዳል፤ ስለዚህ ምኒልክ ሸለሙት የሚለውን በጽሑፍ አታስፍሩ። ደብዳቤውን ላሚኔት አታስደርጉት፣ በፕላስተርም አትለጥፉት። ማኅተሙን ከጎን በሚመጣ ብርሃን ፎቶ አንሥተው እዚህ ቢለጥፉት ማዕረጉን እናነብልዎታለን።