«ኦልድ ስኩል» በአማርኛ ምን ይባላል?

የሸገር ልጅ

ሰላም ቤተሰብ። አንድ የትርጉም ሥራ ይዤ ተቸግሬያለሁ። ሂፕ ሆፕ ገና ሲጀመር ኒው ዮርክ የነበሩ አድናቂዎች ስለዚያ ዘመን የሚያወጉበትን ቅጂ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። በየሁለት ዓረፍተ ነገሩ «ኦልድ ስኩል» ይላሉ። «የድሮ ትምህርት ቤት» ካልኩት ለአንባቢው የሚታየው ደብተርና ጥቁር ሰሌዳ ነው። «የድሮ» ብቻ ካልኩት ደግሞ ጊዜው ያለፈበት፣ የተጣለ ነገር ይመስላል። እነሱ ግን ቃሉን በክብር ነው የሚጠሩት፤ ሲደርሱበት ድምፃቸው ሁሉ ይለወጣል። ምን ልበለው? «ብሬክ»፣ «ፍሪስታይል» እና «ባይት» የሚሏቸውም አልወጡልኝም።

ጋሽ ሸክላ

ልጄ፣ ጥያቄሽ ልቤን ነካው። እኔ ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ሰፈር የገባሁት በ1984 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የጠዋቱ ፀሐይ አልደረሰልኝም፤ ረፋዱ ላይ ግን ደርሻለሁ።

መጀመሪያ ተናጋሪው ማን እንደሆነ እዪ። ዛሬ ወጣቱ የ1990ዎቹን ዘፈን ሁሉ ኦልድ ስኩል ይላል። እዚያ የነበሩት ግን በዚህ አይስማሙም። ለእነሱ ኦልድ ስኩል ከ1973 እስከ 1983 ገደማ ያለው ዘመን ነው። በ1983 ራን ዲ.ኤም.ሲ. የተባሉት ራፐሮች በከበሮ ማሽንና በጩኸት ብቻ፣ ያለ ባንድ ሲመጡ «ኒው ስኩል» የተባሉት እነሱ ነበሩ። ስለዚህ አንዱ ቃል ከሁለት ሰው አፍ ሲወጣ ሁለት ዘመን ነው።

«ብሬክ»ን ደግሞ «መስበር» ብለሽ እንዳትተረጉሚው አደራ። ኦገስት 11 ቀን 1973፣ ብሮንክስ ውስጥ፣ ሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520 በሚባለው ሕንፃ፣ ሲንዲ ካምቤል የምትባል ልጅ ለትምህርት ቤት ልብስ መግዣ ገንዘብ ፈልጋ ድግስ አዘጋጀች። መግቢያው ለሴት 25፣ ለወንድ 50 ሳንቲም ነበር። ሸክላ የሚያጫውተው ወንድሟ ነው። ጃማይካ ነው የተወለደው። በኋላ ኩል ኸርክ ተብሎ ዓለም ያወቀው እሱ ነው።

ኸርክ ሰው እንዴት እንደሚጨፍር አጥብቆ ይመለከት ነበር። ጨፋሪው ዘፈኑን ሁሉ አይፈልገውም። ዘፋኙ ዝም ብሎ፣ መሣሪያው ሁሉ ወጥቶ፣ ከበሮው ብቻውን የሚቀርባትን ቦታ ነው የሚጠብቀው። እሷ ናት ብሬክ። ችግሩ ጥቂት ሰከንድ ቆይታ ታልቃለች። እሱም የአንዱን ዘፈን ሁለት ሸክላ በሁለት ማጫወቻ ላይ አስቀመጠ። አንደኛው ላይ ብሬኳ ስታልቅ ሁለተኛው ላይ ከመጀመሪያዋ ይጀምራታል። ያቺን ቦታ የሚጠብቁት ልጆች ናቸው እንግዲህ «ቢ-ቦይ» እና «ቢ-ገርል» የተባሉት። «ቢ» ብሬክ ናት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይቅርታ ረዘመብኝ። በ1985 ክረምት፣ በፈረንጆቹ ሰመር ማለቴ ነው፣ ሰፈራችን መናፈሻ ውስጥ ድምፅ ማጉያ ተተከለ። መብራቱን የጠለፉት ከመንገድ ምሰሶ ነበር። ከዲጄው ጀርባ ሄጄ ቆምኩ። ሸክላው መሀል ባለው ወረቀት ላይ በቀለም እርሳስ የተሠመረ አንድ መሥመር አየሁ፤ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ከመሀል ወደ ዳር የወጣ። ልጁ ሸክላውን በሁለት ጣቱ ወደ ኋላ እየመለሰ ያቺ መሥመር ስንት ጊዜ እንደዞረች ይቆጥራል። ሦስት ዙር፣ ለቀቀው፣ ከበሮው ልክ በቦታው ገባ። ዘዴው ግራንድማስተር ፍላሽ የሚባለው የብሮንክስ ዲጄ መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው። «ብሬክ» የሚል ቃል በሰማሁ ቁጥር የምትታየኝ ያቺ መሥመር ናት።

ካሴት

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። እኛ አዲስ አበባ ብሬክ ዳንስን ያየነው በቪዲዮ ካሴት ነው። ካርቶን መሬት ላይ ዘርግተን እንሽከረከር ነበር። ክንዳችንን እንደተሰበረ ነገር ከትከሻ እስከ ጣት ስናወዛውዝ «ብሬክ» የተባለው ለዚህ ነው ብለን ነበር የምናምነው። ይሄን ሁሉ ዓመት ሰውነት መስበር እንጂ የዘፈን ክፍል መሆኑን አላውቅም ነበር።

ዘጎንጅ

እኔ ስለ ሂፕ ሆፕ የማውቀው ጥቂት ነው። ነገር ግን የቆሎ ተማሪ ነበርኩና «ስኩል» ላይ የምለው አለኝ። እህቴ፣ «ትምህርት ቤት» ስትዪ «ትምህርት»ን ጣዪና «ቤት»ን ያዢ። ቅኔ የተማረን ሰው «የየትኛው ቤት ነህ?» ብለን ነው የምንጠይቀው። የዋድላ ቤት፣ የጎንጅ ቤት፣ የዋሸራ ቤት እንላለን። ግድግዳና ጣሪያ ማለታችን አይደለም። ከማን አፍ እንደተቀበለ፣ በምን መንገድ እንደሚሄድ ማለታችን ነው። የእነዚያም «ስኩል» ይኸው ይመስለኛል።

«ኦልድ»ን ደግሞ ጋሽ ሸክላ ሳያስቡት ተርጉመውታል፤ «የጠዋቱ ፀሐይ» ብለዋል። አማርኛ «የጥንት የጠዋቱ» ሲል ያረጀ ማለቱ አይደለም። መነሻው፣ ዋናው፣ ሳይበረዝ የቆየው ማለቱ ነው። ስለዚህ «የጠዋቱ ቤት» በዪው።

የሸገር ልጅ

የጠዋቱ ቤት! ዘጎንጅ፣ እጅህ ይባረክ። ሁለት ቀን ሙሉ ስፈልገው የነበረው ይሄ ነው። «ፍሪስታይል»ንስ «ያለ ዝግጅት» ብለው ይበቃል?

ጋሽ ሸክላ

እሱ ላይ ቆይ። ይሄ ቃል ከሁሉም በላይ ያሳስታል። ዛሬ ፍሪስታይል ማለት እዚያው ቆሞ ከጭንቅላት እያፈለቁ ራፕ ማድረግ ነው። በ1980ዎቹ ግን እንዲህ አልነበረም። የዚያ ዘመን ራፐር ቢግ ዳዲ ኬን ራሱ አስረድቶታል። ያኔ ፍሪስታይል የተጻፈ ግጥም ነው። ነፃ የተባለው ርዕሰ ጉዳይ ስላልታሰረበት ነው፤ ታሪክ አይተርክም፣ ችሎታን ብቻ ያሳያል። እዚያው የሚፈጠረውን «ከአናት ላይ» የሚል ሌላ ስም ነበራቸው። በጊዜ ብዛት ሁለቱ ተቀላቀሉ። አንድ አንጋፋ «ያ ፍሪስታይል አንድ ሳምንት ፈጀብኝ» ቢል እንዳትደነግጪ። ትክክል ነው።

ዘጎንጅ

ጋሽ ሸክላ፣ ሁለቱንም የሚለይ ቃል አለን። ቅኔ ይቆጠራል፣ ቅኔ ይዘረፋል። ተማሪው ጥግ ይዞ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ሲቆጥር ይውላል። ቃሉን ያነሣል፣ ይጥላል፣ ይለካል። የበሰለው ደግሞ እዚያው ቆሞ እያፈለቀ ይዘርፋል። የኬን ዘመን ፍሪስታይል ቆጠራ ነው፤ የዛሬው ዘረፋ ነው።

ካሴት

ለከተማው አንባቢ ግን «ዘረፋ» ሲባል ባንክ ነው የሚታየው። ከአዝማሪ ቤት ብትወስጂው አይሻልም? «ተቀበል» ሲባል የሚመጣው ስንኝ ማለት ነው። ሁሉም ሰው ያውቀዋል።

ዘጎንጅ

«ተቀበል» ላይ ግን ስንኙን የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ታዳሚው ነው፤ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜማል። ራፐሩ ከራሱ ነው የሚያወጣው። እኔ «ዘረፋ»ን አልለቅም። አንድ ጊዜ «ቅኔ እንደሚዘረፍ» ብላ ካስገባችው አንባቢው ይከተላታል።

ጋሽ ሸክላ

እኔም ከዘጎንጅ ጋር ነኝ። ወደ «ባይት» ልሂድ። ቃል በቃል መንከስ ነው፤ ትርጉሙ ግን የሰውን ግጥም ወስዶ እንደ ራስ አድርጎ ማቅረብ ነው። በጠዋቱ ቤት ከዚህ የከፋ ነውር አልነበረም። «መኮረጅ» ልትዪው ትችያለሽ፤ ነገሩን የትምህርት ቤት ፈተና ያስመስለዋል እንጂ ቅርብ ነው።

አሁንም የሚያንገበግበኝን ምሳሌ ልንገርሽ። በ1979 «ራፐርስ ዲላይት» ወጣ። ራፕን ከብሮንክስ አውጥቶ ለዓለም ያሰማ ሸክላ ነው። ሸክላው ላይ ራፕ ካደረጉት ሦስት ልጆች አንዱ ቢግ ባንክ ሃንክ ነው፤ ፒዛ ቤት ይሠራ ነበር። የተናገረው ግጥም የብሮንክሱ ራፐር የግራንድማስተር ካዝ ነው፤ ከደብተሩ የተወሰደ። ካዝ ግጥሙ ውስጥ የገዛ ስሙን፣ «ካሳኖቫ»ን፣ ፊደል በፊደል ቆጥሮ አስገብቶት ነበር። ሃንክ ያንን እንኳ አልለወጠም። የሌላ ሰው ስም እየቆጠረ «እኔ ነኝ» ብሎ ቀዳው። ካዝ ስሙ ሸክላው ላይ አልተጻፈለትም። ያንን ዘፈን ስትሰሚ ፊደል የሚቆጠርባትን ቦታ ልብ በዪ።

ዘጎንጅ

እኛም ጋ የሰውን ቅኔ እንደ ራስ አድርጎ ማቅረብ ነውር ነው። የራስንም ቢሆን መድገም ነውር ነው፤ ቅኔ ለዕለቱ ነው የሚቆጠረው።

ካሴት

እና «ሳምፕል» ማድረግስ ባይት አይደለም? ራፐሩ ናስ እና ዴሚያን ማርሊ በፈረንጅ 2010 የሙላቱ አስታጥቄን «የግሌ ትዝታ» ወስደው ሠርተውበታል። እኔ ያን ቀን ደስታዬን አልችለውም ነበር።

ጋሽ ሸክላ

አይደለም ወዳጄ። ባይት የሰውን ቃል መስረቅ ነው። ሳምፕል ከሸክላ ላይ ቁራጭ ወስዶ ሌላ ነገር መገንባት ነው፤ ደግሞም ሸክላ ሱቅ እየዞሩ ማንም ያላገኘውን መፈለግ ራሱን የቻለ ክብር ነበረው። በ1987 የወጣው ኤስፒ-1200 የሚባለው ማሽን በጠቅላላው የሚይዘው ወደ 10 ሰከንድ ድምፅ ብቻ ነበር። ልጆቹ ምን አደረጉ? በደቂቃ 33 ጊዜ የሚዞረውን ሸክላ በ45 አዙረው አፍጥነው ይቀዱታል፣ ከዚያ ማሽኑ ውስጥ መልሰው ያዘገዩታል። ቦታ ተረፈ። ድምፁ ግን በዚያው ሻከረ፤ አቧራ የጠገበ ዓይነት ሆነ። የዚያ ዘመን ሰዎች «ያ ድምፅ» የሚሉት እሱን ነው።

ዘጎንጅ

«ናሙና» እንዳትዪው እህቴ፤ ላቦራቶሪ ይገባብሻል። «ቅንጫቢ» አለልሽ። ከጽሑፍ ይቀነጨባል፣ ከዘፈንም ይቀነጨባል።

የሸገር ልጅ

ሁሉንም ወስጃለሁ። የመጀመሪያው ተናጋሪ ስለ አንድ ጓደኛቸው የሚሉት «እሱ የጠዋቱ ቤት ልጅ ነው፤ ቅንጫቢ ሳይመጣ፣ ሁሉ ነገር በእጅ በነበረ ጊዜ» ሆኖልኛል። ጋሼ፣ ይሄድልኛል?

ጋሽ ሸክላ

ጓደኝየው መቼ ነው የጀመሩት?

የሸገር ልጅ

በፈረንጅ 1975፣ በ15 ዓመታቸው። ቢ-ቦይ ነበሩ።

ጋሽ ሸክላ

እንግዲያው ምንም አትንኪው። እንዳለ ይሂድ።