ቴርሞሜትሩ 92 እያለ ሰልጣኞቼ 100 ጻፉ፤ ምን ይሻለኛል?

ጠያቂው፦
ሰላም ናችሁ ወገኖች። አዲስ አበባ ሰልጣኝ የሳይንስ መምህራንን አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ላብ አስገብቻቸው ውሃ አፈሉ። ቴርሞሜትሩ 92 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ ቆመ፣ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ የለም። ሪፖርቱን ሳርም ግን ሁሉም ማለት ይቻላል 100 ብለዋል። አንዱማ 92 ጽፎ፣ ሰርዞ፣ 100 አድርጎታል፤ ስርዙ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እነዚህ ልጆች ነገ ክፍል ገብተው ሊያስተምሩ ነው! የከፍታውን ነገር፣ ማለትም ቦታው ከፍ ሲል የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ውሃ ከ100 በታች እንደሚፈላ፣ ነግሬያቸው ልለፍ ወይስ ሌላ ዘዴ አላችሁ?

ባለጠመኔ፦
ወንድሜ እንዳትነግራቸው። ከነገርካቸው 100ን ጥለው 92ን ይሸመድዳሉ፣ በቃ። "ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ ይሆን?" በላቸውና እንዴት እንደሚያጣሩ ራሳቸው ይጨነቁበት። በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ከተውት ዜሮ አካባቢ ካነበበ፣ ቢያንስ እዚያ ጋ ደህና ነው ማለት ነው። ከዚያ ውሃው ይሆን፣ የውሃው መጠን ይሆን፣ እሳቱ ይሆን እያሉ አንድ በአንድ እየቀየሩ ይሞክሩ። ሁለቱን ባንዴ የቀየረ ቡድን ካለ አትቆጣ፤ "ታዲያ ለውጡን ያመጣው የትኛው ነው?" ብቻ ብለህ ሂድ። እኔ ጋ ከዚህ ጥያቄ በላይ የሠራ ነገር የለም።

የድሬ ልጅ፦
እኛ ጋ 96 አካባቢ ነው የሚፈላው 😄 ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ናት፣ እናንተ ከ2,300 በላይ ናችሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ጻፍና ዝም በል። ዝምታው ይከብዳል ግን ቻለው። የእኔዎቹ ግማሽ ሰዓት ተከራክረው የአየር ግፊት ጋ ደረሱ። አንዷ "ደጋ ላይ ባቄላ አልበስል የሚለው ለዚህ ነዋ!" አለች፣ እኔ ራሴ አላሰብኩትም ነበር።

የድሮ ሰልጣኝ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና ጥፋቱ የልጆቹ ብቻ አይደለም። እኔ ያነበብኩትን እንዳለ ጽፌ ማርክ ተቀንሶብኛል። ከዚያ በኋላ መልሱን ከመጽሐፍ ሳላይ ላብ ገብቼ አላውቅም። ያ ልጅ 92ን የሰረዘው ስላላየ አይደለም፣ ማርኩን ፈርቶ ነው።

ጠያቂው፦
ኧረ ጉድ። የማረሚያ ቁልፌን አሁን አወጣሁት፤ "100 ዲግሪ፣ 2 ማርክ" ይላል። የራሴ እጅ ጽሑፍ ነው። ለሰኞ ቀይሬዋለሁ፣ ማርኩ ለምክንያቱ ሆኗል። በረዶውን ከሰፈር ጁስ ቤት እለምናለሁ።