ለቅርስነት የምናቀርባቸው የጎንደር ቤቶች፦ ረቂቁን እናስተካክል

ሰብሳቢ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። በማመልከቻው ረቂቅ የፋሲል ግቢ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ቁስቋምና የፋሲል መዋኛ ቀድመው ተቀምጠዋል። የሚወጣም የሚገባም ካለ እስከ እሑድ አሳውቁኝ።

አባል ከአቡን ቤት፦ ጋሼ፣ ተደክሞበታል፤ አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። እነዚህ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። መልሰን ማቅረባችን ለጠገበ ማጉረስ ነው። ጠያቂ ያጣው እኛ ሰፈርና እጨጌ ቤት ያለው፣ በድንጋይና በጭቃ የተሠራው፣ ደረጃው በውጭ የሆነው አሮጌ ፎቅ ነው። የአንዱ ኖራ ሲረግፍ ባለቤቱ ተበድሮ በሲሚንቶ አስለሰነው። ሁለት ክረምት እንዳለፈ ልስኑ እንደ ቅርፊት ተነሣ። እጄን ሰድጄ ብነካው ድንጋዩ ረጥቧል፣ ጭቃው ሊጥ ሆኗል። ኖራ እርጥበቱን ያስተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ያፍነዋል። ሰውየው ቤቱን ጠልቶ አይደለም፤ የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው። ከምዝገባው ጋር የጥገና ምክር አብረን እንጠይቅ።

አዛውንት አባል፦ በዚህ እስማማለሁ። የፒያሳውን ሲኒማና ፖስታ ቤት ግን ጠላት ነው የሠራው። ከነፋሲል ሥራ ጋር በአንድ ዝርዝር አስገብቼ አልፈርምም።

አባል ከአራዳ፦ አባቴ፣ ቁጭትዎ ይገባኛል። ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ጣሊያን እዚህ እንደነበረ የሚመሰክረውም ያው ሕንፃ ነው፤ ብናፈርሰው ለልጆቻችን ምን አሳይተን እንነግራቸዋለን? ለብቻው ምዕራፍ ይሁን፤ ማን፣ መቼ እንደሠራው የሚገልጽ ጽሑፍም ግድግዳው ላይ ይለጠፍ። ሌላው የባለቤቶቹ ስጋት ነው። እናቴ ራሷ «ቅርስ ካሉት ቤቴን ይወስዱብኛል» ትላለች። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግለሰብ የቅርስ ባለቤት መሆን እንደሚችል ይደነግጋል፤ የጥገናው ወጪ ከአቅሙ በላይ ሲሆን መንግሥት ከፊሉን ሊያግዝ እንደሚችልም ያስቀምጣል። ይህን ሰው በሚገባው አማርኛ ጽፈን ቤት ለቤት እናድርስ።

አዛውንት አባል፦ ለብቻው ከሆነ፣ ጽሑፉም ከተለጠፈ፣ እፈርማለሁ። «የጣሊያን ዘመን» አትበሉ፤ «የወረራ ዘመን» ተብሎ ይጻፍ።

ሰብሳቢ፦ ይጻፋል። ግንቦቹን መግቢያው ላይ በአንድ አንቀጽ እናልፋቸዋለን። ክረምት ሳይገባ አሮጌዎቹን ፎቆች ፎቶ የሚያነሣና ባለቤቶቹን የሚያነጋግር ሁለት ሰው እፈልጋለሁ።

አባል ከአቡን ቤት፦ አንዱ እኔ ነኝ።

አባል ከአራዳ፦ እኔም አለሁ። ከእናቴ ቤት እንጀምር።