ነጩ ነጥብ ጠፍቶ በእጥፍ ተመለሰ፤ መዳብ ልጨምር?

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። 55 ጋሎን የጨው ውሃ ገንዳ አለኝ። ውስጡ ሁለት ክላውንፊሽ፣ አንድ ሮያል ግራማ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት የገባ 8 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ሰማያዊ ታንግ፣ ሁለት ክሊነር ሽሪምፕ፣ ቀንድ አውጣዎችና ትንሽ ለስላሳ ኮራል አሉ። ታንጉ ላይ ጨው የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነጥብ ወጣ፤ ድንጋዩ ላይም ይፈተጋል። "ኮራል አይጎዳም" የተባለ መድኃኒት ጨመርኩ፣ ሙቀቱን 82 ፋራናይት አደረስኩ፣ ምግቡን ነጭ ሽንኩርት ውስጥ ነከርኩ። በአራተኛው ቀን ነጥቡ ድራሹ ጠፋ። ዛሬ ዘጠነኛው ቀን ነው፤ በእጥፍ ሆኖ ተመልሷል፣ ክላውኖቹም ላይ ወጥቷል። ሁሉም ግን ይበላሉ። የመዳብ መድኃኒት እዚሁ ገንዳ ውስጥ ብጨምርስ? መጠኑንስ አንዱ 0.5 ይላል፣ ሌላው 2.5 ይላል፤ የቱን ልመን? ባዶ 20 ጋሎን ገንዳ በትርፍ አለኝ።

ቀይ ባሕር፦
ወንድሜ፣ ዋናው ገንዳ ውስጥ መዳብ እንዳታስገባ። ሽሪምፑ፣ ቀንድ አውጣውና ኮራሉ ያልቃሉ። ድንጋዩና አሸዋው ደግሞ መዳቡን ስለሚመጥጡት መጠኑ አይጸናልህም፤ የመጠጡትንም በኋላ ቀስ እያሉ ይለቁታል። ያ 20 ጋሎን ገንዳ ነው የሚያወጣህ።

መጀመሪያ ግን በሽታውን እንለይ። መብራቱን አጥፋና የእጅ ባትሪ ከጎን አብራበት። ነጥቦቹ የጨው ቅንጣት የሚያህሉ፣ አንድ ሁለት ተብለው የሚቆጠሩ ከሆነ ክሪፕቶካርዮን ነው፤ ሁላችንም ኢክ የምንለው። የጤፍ ዱቄት የተነፋበት የሚመስል፣ በባትሪው ብርሃን ወርቃማ አቧራ ሆኖ የሚታይ ከሆነ ቬልቬት ነው። ቬልቬት ስንጥብ ላይ ስለሚጀምር ዓሣው ነጥቡ ሳይታይ በፊት ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ከፓምፑ ፊት ይቆማል፣ ከብርሃን ይሸሻል፣ ምግብ ይተዋል። እሱ ሳምንት አይሰጥህም፣ በሁለት ሦስት ቀን ገንዳውን ባዶ ያደርገዋል። ክላውን ላይ ነጥብ ሳይሆን ነጭ ልፋጭና የሚላጥ ቆዳ ካየህ ብሩክሊኔላ ነው፤ እሱን መዳብ አይነካውም፣ ፎርማሊን ይፈልጋል።

የስንጥቡንም ምት ቁጠር። በደቂቃ ከ100 በላይ ከሆነ ነገውን አትጠብቅ።

ከነገርከን የአንተው ኢክ ነው። ቬልቬት ቢሆን ኖሮ ዘጠነኛው ቀን ላይ የሚበላ ዓሣ አይኖርህም ነበር። ነጥቡ በአራተኛው ቀን የጠፋው መድኃኒቱ ስለሠራ አይደለም፣ ጊዜው ስለደረሰ ነው። ጥገኛው ከዓሣው ቆዳ ሥር ከ3 እስከ 7 ቀን ይመገብና ጠግቦ ይወርዳል። ድንጋይ፣ አሸዋ ወይም መስታወት ላይ ተጣብቆ ዙሪያውን ጠንካራ ሲስት ይሠራል፣ ውስጡም እየተከፋፈለ ይባዛል። ከዚያ ሲስቱ ይፈነዳና፣ ብዙውን ጊዜ በጨለማ፣ ከአንዱ ሲስት እስከ 200 ድረስ ዋኚዎች ይወጣሉ። እነዚህ ዋኚዎች በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ዓሣ ካላገኙ ይሞታሉ። የመዳብ ጉልበት እነሱ ላይ ብቻ ነው። ቆዳ ሥር ያለውንም ሲስት ውስጥ ያለውንም አይገድልም። ክሊነር ሽሪምፕ የማይለቅመውም ለዚሁ ነው፤ ጥገኛው ከቆዳ በታች ነው ያለው።

ሙቀት መጨመር ከጣፋጭ ውሃ ዓሣ የተወረሰ ምክር ነው። እዚያ የሚረዳው ሌላ ተሕዋስ ላይ ነው፣ ስማቸው ስለተቀራረበ ብቻ ነው ሰው የሚያምታታቸው። እዚህ ዑደቱን ያፈጥናል፣ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይቀንሳል እንጂ አያድንም። ነጭ ሽንኩርቱን ለወጥ ተውለት።

ሃናን ይዘህ፦
ስለ መጠኑ። 0.5 ያለህም 2.5 ያለህም አልተሳሳቱም፣ የሚያወሩት ስለተለያየ መዳብ ነው። ብዙ ዓሣ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብለህ አንብበው።

እንደ ኩፕራሚን ያለው የመዳብ መድኃኒት በ0.5 ፒፒኤም (በሊትር ሚሊ ግራም) ይሠራል፤ ከ0.6 ካለፈ አደጋው ይጨምራል። እንደ ኮፐር ፓወር ያለው ደግሞ መዳቡ ከሌላ ሞለኪውል ጋር ስለታሰረ ከ2.0 እስከ 2.5 ይፈልጋል። የታሰረውን 0.5 ላይ ብታቆመው ዓሣህ መድኃኒት ውስጥ ሆኖ በበሽታው ይሞታል። ኩፕራሚንን 2.0 ብታደርሰው ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ ይገድለዋል። ለጀማሪ የታሰረውን እመርጣለሁ፤ ትንሽ ብትሳሳት ይቅር ይልሃል። ኩፕራሚን እጅህ ላይ ካለ መጠኑ ለ40 ሊትር 1 ሚሊ ሊትር ነው፣ 48 ሰዓት ጠብቀህ ያንኑ ትደግመዋለህ። የምታሰላው ግን በመስታወቱ ልክ አይደለም። 20 ጋሎን ገንዳ ከአፉ ዝቅ ብሎ ሲሞላ ብዙ ጊዜ 18 ጋሎን፣ ማለትም 68 ሊትር ነው የሚይዘው። ስለዚህ 1.7 ሚሊ ሊትር በመርፌ ለካ፣ በክዳን እየገመትክ አትጨምር።

የመዳብ መለኪያው ሃና የተባለው ኩባንያ ሃይ ሬንጅ ይሁን። ሎው ሬንጅ የሚባለው ከ1 ፒፒኤም በታች ብቻ ስለሚያነብ ለታሰረ መዳብ አይሆንህም። ብልቃጡን በገንዳው ውሃ አጥበህ 10 ሚሊ ሊትር ሙላ፣ ውጩን በለስላሳ ጨርቅ ጥረግ (የጣት አሻራ ንባቡን ያዛባል)፣ ዜሮ አድርግ፣ የመለኪያውን ዱቄት ሙሉ በሙሉ አራግፈህ አስገባ፣ ነቅንቅ፣ አንብብ። በየቀኑ ለካ።

ገንዳውን እንዲህ አዘጋጅ፦ ማሞቂያ፣ የአየር ፓምፕ፣ በዋናው ገንዳ ውስጥ ቆይቶ አሞኒያ የሚበላ ባክቴሪያ የያዘ ስፖንጅ ፊልተር፣ ለመደበቂያ የፒቪሲ ቧንቧ ክርን። ድንጋይ፣ አሸዋ፣ ካርቦን አይግባ። መዳቡን በሦስት አራት ቀን ቀስ እያልክ ወደ 2.0 አውጣና ዓሣዎቹ እየበሉ መሆኑን ካየህ 2.5 አድርሰው። 30 ቀን የሚቆጠረው መጠኑ ከሞላበት ቀን ነው፣ መጨመር ከጀመርክበት ቀን አይደለም። አንድ ቀን እንኳ ከ2.0 በታች ከወረደ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል።

ሁለት ነገር ሰው ይስታል። ውሃ ስትቀይር አዲሱን ውሃ መጀመሪያ ባልዲ ውስጥ በልኩ መዳብ ጨምረህበት ነው የምታስገባው። የተነነውን ስትተካ ግን ያለ መዳብ፣ ያለ ጨው፣ በተጣራ ጣፋጭ ውሃ ብቻ፤ መዳቡ አይተንማ።

ጀማሪው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በባትሪ አየሁት፣ ነጥቦቹ ይቆጠራሉ፤ ታንጉ ላይ ወደ 30 ናቸው። ስንጥቡ በደቂቃ 84 ነው። ስፖንጁ ግን አዲስ ነው፣ ባክቴሪያ አልያዘም። አሞኒያ (ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣው መርዝ) ቢነሳ እሱን የሚያስረውን ፕራይም ልጨምር? ሳሊኒቲ (የውሃውን የጨው መጠን) በማውረድ ብቻ ይድናል የሚልም አለ።

ሃናን ይዘህ፦
መዳብ ባለበት ፕራይም በፍጹም። አሞኒያ የሚያስሩ መድኃኒቶች የመዳቡን ኬሚስትሪ ይለውጡና መርዛማ ያደርጉታል፣ ኩፕራሚን ላይ በተለይ። አዲስ ስፖንጅ ካለህ ያለህ አማራጭ ውሃ መቀየር ነው። ስፖንጁ ላይ የጠርሙስ ባክቴሪያ ጨምርበት፣ በቀን አንዴ ብቻ ትንሽ መግብ፣ የተረፈውን በ10 ደቂቃ ውስጥ ምጠጠው።

ወንፊት፦
አዲስ ስፖንጅ ከሆነ እኔ ከመዳቡ ይልቅ ዝውውሩን እመክርሃለሁ። ባክቴሪያም መዳብም አይፈልግም።

ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ከዓሣው የወረደ ጥገኛ ሲስት ሆኖ እስኪፈነዳ ቢያንስ 3 ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ ዓሣዎቹን በየ72 ሰዓቱ ወደ ደረቅና ንጹሕ ገንዳ ካዛወርካቸው ሲስቶቹ ባዶ ቤት ውስጥ ይቀራሉ። 1ኛ ቀን መጀመሪያው ገንዳ፣ 4ኛ፣ 7ኛ፣ 10ኛ ቀን ዝውውር፣ 13ኛው ቀን የመጨረሻው። ከ72 ሰዓት ቀድመህ ብታዛውር ምንም የለም፤ ካሳለፍክ ግን ከንቱ ነው።

ሁለተኛ ገንዳ ባይኖርህ 20 ጋሎን የሚይዝ የምግብ ማስቀመጫ ፕላስቲክ ሣጥን ይበቃል። ማሞቂያ፣ የአየር ድንጋይና ቧንቧ ሁለት ሁለት ይኑርህ። አንዱ ሲሠራ ሌላው በበረኪና ታጥቦ፣ በደንብ ተለቅልቆ፣ ሙሉ በሙሉ ይደርቅ። መድረቁ ከበረኪናው ይበልጣል፤ የአየር ቱቦው ውስጥ የቀረች ጠብታ እንኳ ልፋትህን ታበላሻለች። የአዲሱን ውሃ ሙቀትና ሳሊኒቲ ከአሮጌው ጋር እኩል አድርገህ ቀድመህ አዘጋጅ፣ ያኔ ማለማመድ አያስፈልግም። ውሃውን ይዘህ አትሂድ፣ ዓሣውን ብቻ። ታንጉን በመረብ አትያዘው፤ ጅራቱ ሥር ያለው እሾህ መረቡ ላይ ይነከሳል፣ ስታላቅቀውም ቆዳው ይቀደዳል። የፕላስቲክ የፓስታ ማጥለያ ወንፊት ይሻላል።

እዚህ ፕራይም ትችላለህ፣ መዳብ የለማ። ቬልቬትን ግን ይህ ዘዴ አያስተማምንም፤ ነጥቡ ድንገት ወደ አቧራነት ከተቀየረ ወደ መዳብ ዙር።

ቀይ ባሕር፦
ስለ ሳሊኒቲ። ዘዴው እውነተኛ ነው፤ ኤላት ውስጥ በሚረባ የባሕር ዓሣ ላይ ተሠርቶ ውጤቱ የታተመው በ1985 ነው። ቤት ውስጥ የውሃውን ጥግግት (ከንጹሕ ውሃ አንጻር) በ48 ሰዓት ወደ 1.009 ታወርደዋለህ፣ 30 ቀን ታቆየዋለህ፣ ከዚያ በሳምንት ያህል ቀስ እያልክ ትመልሰዋለህ። የሚከሽፈው ሁሌም በመለኪያው ነው። ርካሹ ባለ ክንድ ሃይድሮሜትር 1.009 እያለህ ውሃው 1.012 ሊሆን ይችላል፣ እዚያ ላይ ጥገኛው ይኖራል። ሪፍራክቶሜትርህን (ጨውን በብርሃን የሚለካውን) በ35 ፒፒቲ (ከሺህ 35 እጅ ጨው) መለኪያ ፈሳሽ አስተካክል፣ በቧንቧ ውሃ አይደለም። ጨው ሲቀንስ ፒኤችም (የውሃው የአሲድነት መለኪያ) ስለሚወርድ በየቀኑ እየለካህ በቤኪንግ ሶዳ ታነሣዋለህ። ቬልቬትን አይነካም፤ ዝቅተኛ ጨው የሚቋቋም የኢክ ዓይነትም አለ። ለአንተ ሦስተኛ ምርጫ ነው የምለው።

ዋናው ገንዳ ደግሞ ያለ ዓሣ ይቆይ። አንድ ዓሣ "ነጥብ የለበትም" ብለህ ብታስቀር ሁሉም ነገር ከንቱ ነው፤ ስንጥቡ ውስጥ ይዞ ይኖራል። 76 ቀን።

ወንፊት፦
76 ቀን የመጣው ሲስት እስከ 72 ቀን ሲቆይ ስለታየ ነው፤ ያ ግን ዳር ላይ ያለ ጉዳይ ነው። ገንዳውን 81 ፋራናይት ላይ ካቆየው 45 ቀን ይበቃዋል፣ ዛሬ ብዙ ሰው የሚሠራውም በዚያ ነው።

ቀይ ባሕር፦
45 ቀን አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፣ ልክ ነህ። ግን ዓሣዎቹ በደህና ገንዳ ውስጥ እየበሉ ከሆነ የቀረችው አንድ ወር ምን ታስከፍለዋለች? ታንግ ላለበት ገንዳ እኔ 76ቱን ነው የምቆጥረው። ጀማሪው፣ ኮራሉ የማይሞቅበት ከሆነ 81 ፋራናይት አድርገው፣ ቀኑን አንተው ምረጥ።

በነዚህ ቀናት ሽሪምፖቹን በሳምንት ሁለቴ ቁንጥር ምግብ ስጣቸው፣ አለበለዚያ ይራባሉ፤ ባክቴሪያውም እንዳይከስም ይረዳል። አዲስ ኮራል፣ ቀንድ አውጣ፣ ከሌላ ገንዳ የመጣ ውሃ አታስገባ። ሲስት የቀንድ አውጣ ቅርፊት ላይ ተጣብቆ ይመጣል፣ ካስገባህ ቆጠራው ከዜሮ ነው። የሁለቱን ገንዳ መረብና ባልዲ ለይ፣ ርቀታቸውም ቢያንስ 3 ሜትር ይሁን፤ የአየር ድንጋዩ የሚረጨው ብናኝ ጥገኛውን ይዞ ይሄዳል።

አንድ የቀረ፦ መዳብም ዝውውሩም ትሎችን አያወጣም። ታንጉ ነጥብ ሳይኖርበት መፈተጉን ካላቆመ ወይም ዓይኑ ከደበዘዘ፣ ጥቁር ባልዲ ውስጥ ሙቀቱና ፒኤቹ የተስተካከለ ጣፋጭ ውሃ አድርገህ 5 ደቂቃ ንከረው፣ አየር እየነፋህ፣ ዓይንህን ሳትነቅል። የጠፍጣፋ ትል ችግር ካለበት ባልዲው ሥር ነጭ ሰሊጥ የሚመስል ነገር ታያለህ። ያኔ የትል መድኃኒቱን ፕራዚኳንተል በሊትር 2.5 ሚሊ ግራም፣ ከ5 እስከ 7 ቀን ቆይተህ ድገመው፤ ዱቄቱ በውሃ ቶሎ ስለማይሟሟ መጀመሪያ በትንሽ ውሃ በጠርሙስ ውስጥ ደህና አድርገህ ናጠው።