ፑኔ (ሕንድ) ላላችሁ፦ በየቀኑ ለማዜም የትኛውን የሂንዱ ጸሎት ልያዝ ለምትሉ (ጥቆማ)

ለትምህርት ፑኔ የመጣች አንዲት እህታችን ከማራቲ (የአካባቢው ቋንቋ) ተናጋሪ ቤተሰብ ጋር ተከራይታ ትኖራለች። የቤቱ እናት ማታ ማታ መብራት አብርተው ሲያዜሙ አብራ መቀመጥ ጀምራ «እኔም አንዱን በቃሌ ልያዝ፤ ከየትኛው ልጀምር? መቁጠሪያስ ከየት ልግዛ?» ብላ ጠየቀችኝ። በዮጋ በኩል መጥተው ይህንኑ የሚጠይቁኝ አሉ፤ ከሂንዱ ቤተሰብ ጋር በጋብቻ የተሳሰሩም አሉ። ስለዚህ መልሱን አንድ ላይ ላስቀምጠው። እምነት መቀየር ልክ ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው።

ከሁሉ በፊት ዝናውን አትዩ። ሁለት ነገር እዩ፦ ሥራና ትምህርት ባለበት ቀን ሳትቆርጡ የምትጨርሱት ርዝመት መሆኑን፣ ስትሳሳቱ ደግሞ «አይ፣ እንዲህ ነው» ብሎ የሚያርማችሁ ሰው በአጠገባችሁ መኖሩን። በዚህ ሚዛን ፑኔ ላይ የሚያሸንፉት ዓለም ሁሉ የሚያውቃቸው ማንትራዎች (እየተደጋገሙ የሚባሉ ቅዱስ ቃላት) ሳይሆኑ የሰፈሩ ጸሎቶች ናቸው።

የመጀመሪያ ምርጫዬ ራምራክሻ ስቶትራ ነው። 38 አንቀጽ ያህል ያለው የሳንስክሪት ጸሎት ነው፤ ደራሲው ቡድሃ ካውሺካ የተባለ ጠቢብ ነው ይባላል። የማራቲ ቤቶች ሲመሽ የሚደግሙት፣ ልጆችም ከአያቶቻቸው ሥር ሆነው በቃል የሚይዙት ነው። መሃሉ ላይ ራማ የተባለውን አምላክ በልዩ ልዩ ስሙ እየጠራ «ራሴን ይጠብቅ፣ ግንባሬን ይጠብቅ፣ ዓይኖቼን ይጠብቅ» እያለ እስከ እግር ይወርዳል። መልክአ ማርያም ሲደገም የሰማ ሰው አካሄዱ አይጠፋውም፤ ልዩነቱ እዚያ ሰላምታ የሚቀርብለት የቅድስቲቱ አካል ሲሆን እዚህ ጥበቃ የሚለመንለት የጸሎተኛው አካል መሆኑ ነው። ስሞቹም ዝም ብለው አልተደረደሩም፤ ራማያና የተባለውን የራማን ገድል ተከትለው ይሄዳሉ። ግንባር ላይ የዳሻራታ ልጅ ነው፤ ክንድ ላይ የአምላኩን የሺቫን ቀስት የሰበረው፤ እጅ ላይ የሲታ ባል። ጉልበት ላይ ስትደርሱ በባሕር ላይ ድልድይ የሠራው፣ ከጉልበት በታች ደግሞ ባለ አሥር ራሱን ራቫናን የገደለው ይሆናል። ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ቀጥሎ የትኛው ስም እንደሚመጣ አይጠፋውም። ተረጋግታችሁ ስትሉት አሥር ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ለጠየቅሽኝ እህቴ፣ የቤቱ እናት የሚሉት ይህንኑ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። «ካኩ (እትዬ)፣ ያስተምሩኝ» በያቸው፤ ማንም አስተማሪ እሳቸውን አይተካም።

ቀጥሎ ጋናፓቲ አታርቫሺርሻ አለ፤ የዝሆን ራስ ያለው አምላክ የጋኔሻ (ጋናፓቲም ይባላል) ጸሎት ነው። አጭር ነው፤ የፑኔ ሰው ከጋኔሻ ጋር ያለውን ነገር ደግሞ ለእናንተ መንገር አይጠበቅብኝም። በጋኔሻ በዓል፣ በጋኔሽ ቻቱርቲ ማግስት፣ በሪሺ ፓንቻሚ ዕለት፣ ገና ሳይነጋ በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች በዳግዱሼት ሃልዋይ ጋናፓቲ ቤተ መቅደስ ፊት መንገዱን ሞልተው በአንድ ድምፅ ይሉታል። ያን ጊዜ ከተማው ውስጥ ካላችሁ እንዳያመልጣችሁ። ለጀማሪ ግን ሁለተኛ ያደረግሁት በምክንያት ነው፦ አብዛኛው ስድ ንባብ ነው። የግጥም ልክ ስለሌለው አንድ ቃል ብትዘሉ ጆሮ አይነግራችሁም፤ ቃሉን ሳታውቁት አጉድላችሁ ትቀጥላላችሁ። ራምራክሻ ላይ ብትዘሉ ዜማው ራሱ ይሰናከልና ያስቆማችኋል።

በቡድን ማዜም ለምትወዱ ደግሞ ሃሪፓት ነው። ይህኛው ሳንስክሪት አይደለም፤ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ቅዱስ የድንያኔሽዋር የማራቲ መዝሙር ነው። 27 ወይም 28 አጫጭር አባንጎች (የማራቲ መንፈሳዊ ግጥሞች) አሉት (ቆጠራው እንደ እትሙ ይለያያል)፣ ማታ ማታ በጽናጽልና በከበሮ ይዘመራል። የሚዘምሩት ዋርካሪዎች ናቸው፤ በየዓመቱ ለአሻድ ወር (ሰኔ–ሐምሌ ገደማ) በዓል ከአላንዲና ከዴሁ ተነሥተው እስከ ፓንዳርፑር በእግር የሚጓዙት ማለት ነው። እነሱ ዘንድ «ከየት መጣህ? የማን ልጅ ነህ?» የሚል ጥያቄ ብዙም አይሰማም። አላንዲ ደግሞ የከተማ አውቶቡስ የሚሄድበት ቅርብ ቦታ ነው፤ የድንያኔሽዋር መቃብር እዚያ ነው። አንድ ማታ ሄዳችሁ ጥግ ላይ ቁጭ በሉ። ሙሉውን ባትይዙም «ራም ክሪሽና ሃሪ» የሚለውን ብቻ ይዛችሁ መመለስ ትችላላችሁ። የዋርካሪ ማንትራ እሱ ነው፣ በቃ።

አሁን ዝነኞቹ። ጋያትሪ የምትባለውን ማንትራ ብዙ ሰው መጀመሪያ ይይዛታል፤ አጭር ስለሆነችና በየዮጋ ክፍሉ ስለምትሰማ ነው። ከሪግቬዳ (ቬዳ ከሚባሉት ጥንታዊ የሂንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ) 3ኛ መጽሐፍ፣ 62ኛ መዝሙር፣ 10ኛ ቁጥር ናት፤ በሦስት ስንኝ ስምንት ስምንት፣ በድምሩ 24 ቀለም። ግን እንደምትጻፈው ካነበባችኋት የመጀመሪያው ስንኝ ሰባት ቀለም ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ሊቃውንቱ «ቫሬንያም» የሚለውን «ቫሬኒያም» ብለው ዘርግተው ይሞሉታል። የቬዳ ማንትራ እንዲህ ነው፤ ድምፁ የሚወጣበትና የሚወርድበት ቦታ ሳይቀር የተወሰነ ነው። በዚያ ላይ በድሮው ሥርዓት ጋያትሪ የምትሰጠው ለላይኛው ወገን ወንዶች ልጆች ቅዱሱ ክር በሚታሰርበት ሥነ ሥርዓት ነበር። በ1875 የተመሠረተው አርያ ሳማጅ የተባለው የሂንዱ ተሐድሶ ማኅበር ለሴቱም ለወንዱም፣ ለማንኛውም ወገን ከፍቷታል፤ ዛሬ የሚከለክላችሁ ሰው ብዙም አታገኙም። ቢሆንም በሰው ቤት ሽማግሌ ፊት ከመጀመራችሁ በፊት «ልበላት?» ብሎ መጠየቅ ወግ ነው።

ማሃ ምሪትዩንጃያ (ሪግቬዳ 7.59.12) የታመመ ሰው ሲኖር የሚደገም ነው። የዱባ ዓይነት ፍሬ በስሎ ከሐረጉ እንደሚላቀቅ ከሞት ልላቀቅ ይላል። በትንሹ የሚያዝ ትልቅ ነገር ነው፤ ለየዕለቱ ግን ብዙ ሰው «ኦም ናማ ሺቫያ»ን ይመርጣል፤ እኔም እስማማለሁ። ሽሪ ሩድራም የተባለውን ረጅም የሺቫ ጸሎት ግን ከዩቲዩብ ለመማር አትሞክሩ፤ የድምፁ ውጣ ውረድ ያለ መምህር አይያዝም።

ሃኑማን ቻሊሳ (የራማ አገልጋይ የሆነው የዝንጀሮው አምላክ የሃኑማን ውዳሴ) ከሰሜን ሕንድ ለመጡ ጓደኞቻችሁ አንደኛው ነው፤ ማክሰኞና ቅዳሜ በየቤተ መቅደሱ ትሰሙታላችሁ። ቅኔ አዋቂው ቱልሲዳስ በአዋዲ (የሰሜን ሕንድ) ቋንቋ የደረሰው ነው፤ 40 ቾፓይ (የግጥም ክፍል)፣ ከፊትና ከኋላ ጥቂት ዶሃ (ባለ ሁለት ስንኝ ግጥም) ይጨመርበታል። ግጥሙ እየገፋ ስለሚወስዳችሁ በቃል ለመያዝ ከሁሉም የሚቀል ይህ ነው። አብሯችሁ የሚኖረው ሰው የሂንዲ ተናጋሪ ከሆነ ራምራክሻን ትታችሁ እሱን ያዙ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በአዋዲና በሂንዲ የቃል መጨረሻ አናባቢ ብዙ ጊዜ ይዋጣል፣ በሳንስክሪት አይዋጥም። ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያጠና ሰው ያደባልቃል።

ቪሽኑ ሳሃስራናማ የቪሽኑ አምላክ አንድ ሺህ ስም ነው፤ ሽማግሌው ጦረኛ ቢሽማ በፍላጻ አልጋ ላይ ተኝቶ ለንጉሥ ዩዲሽቲራ የነገረው፣ ማሃባራታ በተባለው ትልቅ ገድል ውስጥ ያለ። ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ለጡረተኛ ወይም ለኤካዳሺ (የጾም ቀን) የሴቶች ማኅበር ግሩም ነው፤ ጠዋት ክፍል ገብቶ ማታ ለሚወጣ ተማሪ ግን ሳምንት ሳይሞላው የሚተወው ነገር ነው። ሃሬ ክሪሽና የሚለውን ማንትራ የሚይዙት የኢስኮን (የክሪሽና አምላኪዎች ማኅበር) ሰዎች (ማኅበራቸው በ1966 ኒውዮርክ የተመሠረተ ነው) ባለ 108 ፍሬ መቁጠሪያ በየቀኑ 16 ዙር ይቆጥራሉ፤ ይህ 1,728 ጊዜ ነው፣ ሁለት ሰዓት ገደማ። ካትራጅ–ኮንድዋ መንገድ ላይ ያለው ቤተ መቅደሳቸው እንግዳ አይገፋም። ከእነሱ ጋር ከጀመራችሁ በአንድ ዙር ጀምሩ፤ ጎረቤት ስለቆጠረ ብላችሁ 16 አትግቡ።

ወደ ዕቃው። ከላይ ከጠቀስኳቸው ረጅም ጸሎቶች ውስጥ አንዱም መቁጠሪያ አይፈልግም፤ መቁጠሪያ የሚያስፈልገው አጭር ማንትራ ለሚደጋግም ሰው ነው። ይህን የማይነግሯችሁ ነጋዴዎች አሉ። ከገዛችሁ ለቪሽኑ ወገን (ራማና ክሪሽናም እዚህ ናቸው) ከቱልሲ ተክል እንጨት የተሠራው፣ ለሺቫ ወገን ሩድራክሻ የተባለው የዛፍ ፍሬ ነው ልማዱ። ቱልሲ ከፈለጋችሁ አላንዲ ቤተ መቅደሱ አካባቢ ሂዱ፤ ዋርካሪው ሁሉ አንገቱ ላይ የሚያስረው እሱ ስለሆነ ሻጩም ገዢውም ዕቃውን ያውቃል። ለናስ መብራት፣ ለደወል፣ ለዕጣን ማጨሻ ቱልሺባግ ገበያ ይሻላል፤ ግን ሳትከራከሩ አትክፈሉ። ሩድራክሻ ላይ ባለ አምስት ገጽ (አምስት መስመር ያለበት) የሚባለው የተለመደውና ርካሹ ነው፤ ለቆጠራ ከበቂ በላይ ነው። «ባለ አንድ ገጽ ነው፣ ብርቅ ነው» ብሎ ብዙ ሩፒ ከሚጠራባችሁ ሰው ሽሹ፤ በዚህ ስም የሚሸጥ የተቀረጸና የተጣበቀ ብዙ አለ። ውኃ ውስጥ ሲሰጥም እውነተኛ ነው የሚሉትም መፈተኛ አይሆንም። ከሁሉ በላይ የምታዩት በየፍሬው መሃል ቋጠሮ መኖሩን ነው፤ ከሌለ ክሩ በተበጠሰ ቀን ፍሬውን ከአልጋ ሥር ስትለቅሙ ታመሻላችሁ። ሲቆጠር ሌባ ጣት አይነካውም፣ በአውራ ጣትና በመሃል ጣት ነው የሚሳበው፤ ትልቁ ፍሬ (ሜሩ) ላይ ስትደርሱ አትሻገሩትም፣ አዙራችሁ ትመለሳላችሁ።

ግድግዳ ላይ ተሰክታ ቀኑን ሙሉ ማንትራ የምትለቅ ትንሽ ሳጥን ትሸጣለች። ለቤት ድምፅ ካልሆነ አልመክራትም፤ እሷ ናት የምትደግመው፣ እናንተ አይደላችሁም።

መጽሐፍ አፓ ባልዋንት ቾክ ነው፣ ሌላ ቦታ አትልፉ። በ1923 ጎራክፑር የተመሠረተው የጊታ ፕሬስ ትንንሽ መጻሕፍት ከመንገድ ዳር ሻይ ዋጋ ብዙ አይርቁም። የኪሷን ሳይሆን ፊደሉ ተለቅ ያለውን ውሰዱ። በግዕዝ ፊደል ገልብጣችሁ ለማጥናት ለምታስቡ፦ አጭሩን «አ» በግዕዝ፣ ረጅሙን በራብዕ እያደረጋችሁ ትንሽ ርቀት ትሄዳላችሁ፤ «ኢ» እና «ኡ» ላይ ግን አጭርና ረጅም የምንለይበት ነገር የለንም፤ በትንፋሽ የሚወጡትን ድምፆችም በ«ጠ» እና በ«ጰ» ስትተኩ ሰሚው ግራ ይገባዋል። ሳንስክሪትና ማራቲ የሚጻፉበትን ፊደል፣ ዴቫናጋሪን ተማሩ። ሀሁን የቆጠረ ሰው አይቸገርም፤ ተነባቢው ላይ ቅጥያ ሲጨመር አናባቢው የሚለወጥበት አሠራር ስለሆነ ዓይናችሁ ቶሎ ይለምደዋል።

ቅጂ ስትመርጡ መሣሪያ ያልበዛበትን ፈልጉ። ለሳሃስራናማ የኤም ኤስ ሱቡላክሽሚ ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ፍጥነቱም አብሮ ለማለት ይመቻል። የሃሪሃራን ቻሊሳ ለጆሮ ድንቅ ነው፤ ለልምምድ ግን ሙዚቃው ያቋርጣችኋል። ከሁሉ የሚሻለው የሚያስተምራችሁን ሰው አስፈቅዳችሁ በስልክ መቅዳት ነው።

ትምህርት ለምትሹ፣ እዚህ «ሳንታ» የሚሉት አለ፦ መምህሩ ይላል፣ እናንተ ትደግማላችሁ፣ ከዚያ ወደ ሚቀጥለው። በየሰፈሩ ቤተ መቅደስ ጠይቁ። ሴት መምህር ለምትመርጡ ፑኔ የታደለች ከተማ ናት፤ ድንያና ፕራቦዲኒ የተባለው ተቋም ሴት ካህናትን ያሠለጥናል፣ ከእነሱ ማስተማር የምትችል አታጡም። ከቤት ሳትወጡ ከሆነ ጊታ ፓሪዋር የሚባለው ድርጅት የሂንዱ ቅዱስ መጽሐፍ የሆነውን ባጋቫድ ጊታን በኢንተርኔት በነፃ ያስተምራል፤ ከ12ኛውና ከ15ኛው ምዕራፍ ይጀምራል፣ እያንዳንዳቸው 20 ጥቅስ ናቸው። አማርኛ የለውም፣ በእንግሊዝኛ ትገባላችሁ። የሰፈሩ መምህር ብዙ ጊዜ ዋጋ አይጠራም፤ ዳክሺና (ለመምህር የሚሰጥ ስጦታ) በፈቃድ ነው፤ በመምህራን በዓል፣ በጉሩ ፑርኒማ ቀን ፍራፍሬና ፖስታ ይዞ መሄድ የተለመደ ነው።