የሳውዝ ዳኮታ አንድ ወንበር፦ ማን ማን ተቀመጠበት?

ጥያቄ፦ ለሱ ፎልስ አዲስ ከሆነች እህት

ሰላም ለቤቱ። እኔና ባለቤቴ ለሥራ ብለን ከሚኒያፖሊስ ወደ ሳውዝ ዳኮታ፣ ሱ ፎልስ ገብተናል። ዜግነት ያገኘሁት በቅርቡ ነው። ለመራጭነት ልመዘገብ ስል አንድ የሥራ ባልደረባዬ «እዚህ መምረጥ ምን ያደርግልሻል? ግዛቱ በሙሉ ለኮንግረስ የሚልከው አንድ ተወካይ ነው፤ እሱም ሁልጊዜ ሪፐብሊካን ነው» አለኝ። እውነት ነው ወይ? እዚህ የቆያችሁ እስቲ አስረዱኝ።

መልስ፦ ከሱ ፎልስ

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ለዜግነቱም እንኳን ደስ አለሽ። ባልደረባሽ ግማሹን ትክክል ነው። ለተወካዮች ምክር ቤት የምንልከው አንድ ሰው ብቻ ነው። «ሁልጊዜ» ያለው ግን ፈጽሞ ትክክል አይደለም። ይሄ ነገር ስለሚያንገበግበኝ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። ዓመቶቹንም ወሮቹንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ለምን አንድ ሆነ? ምክር ቤቱ ያለው ወንበር 435 ነው። በየ10 ዓመቱ ሕዝብ ይቆጠርና ለግዛቶቹ እንደ ብዛታቸው ይከፋፈላል። ሴኔቱ ሌላ ነው፤ እሱ ለትልቅም ለትንሽም ግዛት ሁለት ሁለት ነው። ሳውዝ ዳኮታ በ1889 ግዛት ስትሆን ሁለት ተወካይ ነበራት። ከ1913 ጀምሮ ሦስት ሆኑ፣ ከ1933 ወዲህ ወደ ሁለት ወረዱ፣ የ1980ው ቆጠራ ደግሞ አንዱን ወሰደው። በ1930 የግዛቱ ሕዝብ 692,849 ነበር። ከ50 ዓመት በኋላ ሲቆጠር 690,768 ሆኖ ተገኘ። በ1930ዎቹ ድርቁና የአቧራው ማዕበል ገበሬውን አፈናቀለው፤ በኋላ ደግሞ ትራክተሩ የብዙ ሰው እጅ ተካ። ልጆቹ ሥራ ፍለጋ ወጡ። ሌሎቹ ግዛቶች ሲያድጉ ይሄኛው ባለበት ቀረ።

ሁለት ወንበር አንድ ሲሆን ሁለቱም ተወካዮች በ1982 ተፋጠጡ። ምሥራቁን ይወክል የነበረው ዲሞክራቱ ቶም ዳሽል ነው። ምዕራቡን ደግሞ ሪፐብሊካኑ ክሊንት ሮበርትስ፣ እሱ ራሱ ከብት አርቢ ነበር። እዚህ ስትኖሪ ታዪዋለሽ፤ ሚዙሪ ወንዝ ግዛቱን ለሁለት ይከፍለዋል። በዚህ በኩል በቆሎና አኩሪ አተር፣ በዚያ በኩል ከብትና ሣር ነው። የሰውም ጠባይ ይለያያል ይላሉ። ዳሽል 52 በመቶ ገደማ አግኝቶ አሸነፈ። ይሄው ዳሽል ከዚያ በፊት በ1978 ለመጀመሪያ ጊዜ ኮንግረስ የገባው ድምፅ እንደገና ተቆጥሮ ነው። ከ129 ሺህ በላይ ሰው መርጦ በ139 ድምፅ ነው ያለፈው።

ዳሽል በ1986 ወደ ሴኔት ሄደ። ቦታውን ሌላ ዲሞክራት ቲም ጆንሰን ወሰደና እስከ 1997 መጀመሪያ ቆየበት። እንግዲህ ልብ በይ። ይህ ግዛት ለፕሬዚዳንት ዲሞክራት የመረጠው ለመጨረሻ ጊዜ በ1964 ነው። ያው መራጭ ግን፣ በዚያው ወረቀት ላይ፣ ለፕሬዚዳንት ሪፐብሊካን፣ ለኮንግረስ ዲሞክራት ይመርጥ ነበር። ሰውየውን ያውቀዋላ! በየከተማው ገበያ፣ በየአውራጃው ኤግዚቢሽን እየዞረ እጁን የጨበጠውን ሰው ነው የሚመርጠው።

ከቲም ጆንሰን በኋላ ሪፐብሊካኑ ጆን ቱን መጣ። በ2002 ወንበሩን ትቶ ለሴኔት ከቲም ጆንሰን ጋር ተወዳደረ። ሌሊቱን ቱን ሲመራ አደረ። ሲነጋ የመጨረሻዎቹ ድምፆች ፓይን ሪጅ ካለበት ከሻነን ካውንቲ መጡ። ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የላኮታ ሕዝብ የሚኖርበት፣ ከአገሪቱ ድሃ አካባቢዎች አንዱ ነው። አሁን ስሙ ኦግላላ ላኮታ ካውንቲ ተብሏል። ቲም ጆንሰን በ524 ድምፅ አሸነፈ። 524 ሰው ማለት ለእንቁጣጣሽ አዳራሽ ተከራይተን የምንሰበሰበውን ያህል ነው። ይሄ የሴኔት ወሬ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ለሁለቱም ምርጫ ወረቀቱ አንድ፣ ሕዝቡም ያው ስለሆነ ነው ያነሳሁት።

በዚያው በ2002 አንዱን ወንበር ያሸነፈው ቢል ጃንክሎ ነበር። በሁለት ዙር 16 ዓመት የግዛቱ ገዥ የነበረ፣ የማያውቀው ሰው የሌለ ሪፐብሊካን ነው። ያሸነፋት ዲሞክራቷ ስቴፋኒ ኸርሰት ናት፤ አያቷም ገዥ ነበሩ። ጃንክሎ አንድ ዓመት እንኳ በወጉ አልሠራበትም። ነሐሴ 2003 ከሱ ፎልስ በስተሰሜን፣ ትሬንት አካባቢ፣ በእርሻ መካከል ባለ መስቀለኛ መንገድ ላይ የ«ቁም» ምልክቱን ጥሶ በፍጥነት አለፈ። አንድ ሞተር ብስክሌተኛ ከመኪናው ጋር ተጋጭቶ ሞተ። ጉዳዩን ያየው የአካባቢው ሕዝብ ዳኞች ቡድን ታኅሣሥ ላይ ጥፋተኛ አለው። ጥር 2004 ከወንበሩ ለቀቀ፤ 100 ቀንም ታሠረ። እዚህ አገር ደስ ከሚሉኝ ነገሮች አንዱ ይሄ ነው። 16 ዓመት ገዥ የነበረን ሰው የአካባቢው ተራ ነዋሪ ተቀምጦ ዳኘው።

ወንበሩ ባዶ ስለሆነ ሰኔ 1 ቀን 2004 ልዩ ምርጫ ተደረገ። ኸርሰት በ33 ዓመቷ ላሪ ዲድሪክን አሸነፈችው። ከ260 ሺህ በላይ ድምፅ ተሰጥቶ ልዩነቱ 3 ሺህ ገደማ ነው። ከሳውዝ ዳኮታ ለተወካዮች ምክር ቤት የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በኅዳር እንደገና ተመረጠች። በዚያው ኅዳር የሴኔት ዲሞክራቶች መሪ የነበረው ዳሽል በቱን ተሸነፈ፤ በ4,508 ድምፅ። አየሽ፣ ያው ሕዝብ በአንድ ቀን አንዱን ዲሞክራት አወረደ፣ አንዷን አነሳ።

በ2010 ደግሞ የኸርሰት ተራ ደረሰ። የኦባማን የጤና መድን ሕግ ተቃውማ ድምፅ ብትሰጥም አላዳናትም። ክሪስቲ ኖም 48 ለ46 በመቶ አሸነፈቻት። አንድ የግል ተወዳዳሪ ደግሞ 6 በመቶ ወሰደ። ኖም በኋላ የግዛቱ ገዥ ሆነች፣ በ2025 ደግሞ የአገር ውስጥ ደህንነት ሚኒስትር ሆና ተሾመች። እሷን የተካው ዳስቲ ጆንሰን ነው፤ ከቲም ጋር ዝምድና የለውም።

እንግዲህ ቁጥሩን አንቺው አስቢው። ወንበሩ አንድ ከሆነበት ከ1983 እስከ 2011 ባሉት 28 ዓመታት ከ20 ዓመት በላይ የያዙት ዲሞክራቶች ናቸው። «ሁልጊዜ» የተባለው ከ2011 ወዲህ ያለው ነው። ደግሞ ወንበሩን ከያዙት ሰባት ሰዎች ሁለቱ፣ ዳሽልና ቱን፣ የሴኔቱ አብላጫ መሪ ሆነዋል። ሕዝቡ ከአንድ ሚሊዮን በታች ለሆነ ግዛት ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

እኔን የሚያሳዝነኝ የትኛው ፓርቲ ያዘው የሚለው አይደለም። በ2020 እና በ2022 ዲሞክራቶቹ ለዚህ ወንበር ጨርሶ ሰው አላቀረቡም። ዳስቲ ጆንሰን የተወዳደረው ሊበርታሪያን ከሚባለው ትንሽ ፓርቲ እጩዎች ጋር ብቻ ነበር። ጥሩ ሰው ይሁን መጥፎ፣ ተፎካካሪ የሌለው እጩ የኛን በር የሚያንኳኳበት ምክንያት የለውም። ሥጋ ፋብሪካ በር ላይ ቆሞ ከማታ ሺፍት የወጣውን ሰው «ምን ችግር አለባችሁ?» የሚለው ድምፁን ሲፈልገው ነው። የኛ ሰው በዚህ ከተማ ሥጋ እየቆረጠ፣ በሽተኛ እየተንከባከበ፣ የጭነት መኪና እየነዳ ይኖራል፤ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አለው፣ ልጆቹ እዚህ ተወልደዋል። ማንም መጥቶ ካልጠየቀው ግን የለም ማለት ነው።

ስለዚህ ተመዝገቢ። ምዝገባው ከምርጫው 15 ቀን በፊት ያልቃል፤ በምርጫው ቀን መጥቶ መመዝገብ ሚኒሶታ እንደለመድሽው እዚህ የለም። በሌላ በኩል ምርጫው ከ46 ቀን በፊት ይጀመርና ምርጫውን የሚያስተናግደው የካውንቲው ኦዲተር ቢሮ ሄዶ መምረጥ ይቻላል። ሺፍት ለሚሠራ ሰው ከዚህ የበለጠ ነገር የለም። መታወቂያሽን ታሳያለሽ፣ ወረቀቱን ትሞያለሽ፣ ፖስታው ውስጥ ከተሽ ትፈርሚያለሽ። በቃ።

አስተያየት፦ ከፋርጎ

ወንድሜ በደንብ ነው የጻፍከው። እኛም ሰሜን ዳኮታ ከ1973 ጀምሮ አንድ ወንበር ብቻ ነው ያለን። ታሪኩ ከናንተ ጋር ይመሳሰላል። ባይረን ዶርጋን፣ ከእሱ በኋላ ኧርል ፖሜሮይ፣ ሁለቱም ዲሞክራቶች፣ ከ1981 እስከ 2011 ይዘውት ነበር። ፖሜሮይም የወደቀው በዚያው በ2010 ነው። በ2024 ደግሞ ጁሊ ፌዶርቻክ ለዚህ ወንበር የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሕዝቡ ለኮንግረስ ተወዳዳሪዎች የዕድሜ ጣሪያ በድምፁ አጽድቋል።

ጥያቄ፦ ከሱ ፎልስ፣ ግሪን ካርድ ያለው

ጋሼ፣ እኔ ገና ዜጋ አይደለሁም። መንጃ ፈቃድ ሳወጣ መመዝገብ ትፈልጋለህ ወይ ብለው ነበር። እሺ ብል ችግር አለው? ደግሞስ ዜጋ ላልሆነ ሰው ይሄ ተወካይ ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ከሱ ፎልስ

ወንድሜ፣ እሺ እንዳትል! ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ብሎ መመዝገብ ወይም መምረጥ ከአገር ሊያስባርር ይችላል። በኋላ ለዜግነት ስታመለክት ተመዝግበህ ወይም መርጠህ ታውቃለህ ወይ ተብለህ ትጠየቃለህ። ሳታውቅ ፈርመህ ከሆነ ምንም ሳትሞላ መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክር።

ጥቅሙ ግን አለ። ተወካዩ የሚያገለግለው ነዋሪውን ነው፤ ነዋሪ ደግሞ አንተም ነህ። የኢሚግሬሽን ማመልከቻህ ከተለመደው ጊዜ በላይ ከቆመ፣ ወይ የቤተሰብህ ቪዛ አዲስ አበባ ኤምባሲ ላይ ከተጓተተ፣ ቢሮው ደብዳቤ ጽፎ «የት ደረሰ?» ብሎ ይጠይቅልሃል። በመጀመሪያ በፋይልህ ጉዳይ እንዲጠይቁ የሚፈቅድ ቅጽ ትፈርማለህ። ውሳኔ ማስቀየር አይችሉም፤ ማስጠየቅ ግን ይችላሉ፤ ብዙ ጊዜ የተኛ ፋይል የሚነሳው በዚህ ነው። በነጻ ነው። «እኔ አውቃቸዋለሁ፣ ላስጨርስልህ» የሚል ደላላ ከመጣ ገንዘብህን ያዝ። የሁለቱም ሴናተሮች ቢሮዎች እንዲሁ ይሠራሉ። ሌሎች ግዛቶች ያሉ ወገኖቻችን መጀመሪያ ተወካያቸው ማን እንደሆነ በአድራሻቸው ማጣራት አለባቸው። የኛ አንድ ስለሆነ ሱ ፎልስም ኑር ራፒድ ሲቲ በሩ ያው ነው። ለዜግነት ፈተናም «የተወካይህ ስም ማን ነው?» የምትለዋን ጥያቄ ሁላችንም በአንድ ስም እንመልሳታለን።

ጥያቄ፦ አዲሷ እህት

በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ፤ ፓርቲ ምረጪ ሲለኝ «ኢንዲፔንደንት» ልል ነበር። ለውጥ አለው?

መልስ፦ ከሱ ፎልስ

አለው። አሁን ባለው ሁኔታ ወንበሩ የሚወሰነው በሰኔው የሪፐብሊካን ፕራይመሪ (ፓርቲው እጩውን በሚመርጥበት ቅድመ ምርጫ) ላይ ነው፤ እዚያ መምረጥ የሚችለው ሪፐብሊካን ብሎ የተመዘገበ ብቻ ነው። የዲሞክራቶቹ ላይ ኢንዲፔንደንትም ይመርጣል። ይሄ እንዲቀየርና ፕራይመሪው ለሁሉም ክፍት እንዲሆን በ2024 ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ሳያልፍ ቀረ።

ፕራይመሪውን ቀላል አድርገሽ አትዪው። በ2018 ዳስቲ ጆንሰን ያለፈው 47 በመቶ አግኝቶ ነው። ሦስተኛ የወጣው ኒል ታፒዮ የስደተኞችን መስፈር በመቃወም የታወቀ፣ የግዛቱ የራሱ ምክር ቤት ሴናተር ሲሆን ከ20 በመቶ በላይ አግኝቷል። በ2022 ደግሞ ጆንሰን በራሱ ፓርቲ ውስጥ 59 ለ41 ነው ያለፈው። እንግዲህ በኅዳር ያለ ዲሞክራት ተፎካካሪ ያሸነፈ ሰው ሰኔ ላይ ነበር የተፈተነው። አሁን ደግሞ በ2026 ለገዥነት እወዳደራለሁ ስላለ ወንበሩ አዲስ ሰው ያገኛል።

የትኛውን ፓርቲ እንደምትመርጪ ያንቺ ጉዳይ ነው፤ በዚህ ቤት ማንም አይነግርሽም። ግን በየትኛው በር እንደምትገቢ አውቀሽ ተመዝገቢ። ሐሳብሽን ከቀየርሽ ያንኑ የምዝገባ ቅጽ እንደገና ሞልተሽ ለካውንቲው ኦዲተር ትሰጫለሽ፤ ከፕራይመሪው 15 ቀን በፊት መድረስ አለበት። ሚያዝያ ላይ ጨርሺው።