ሚልፎኒ ቤት ውስጥ ሲጋገር ንብርብሩ ለምን ይጠፋል?

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)
ጤና ይስጥልኝ። በስስ ንብርብር ሊጥ መካከል ክሬም የሚደረግበትን ሚልፎኒ ቤቴ ለመሥራት ሁለት ጊዜ ሞክሬ አልተሳካልኝም። ከፉርኖ ዱቄት ያቦካሁትን ሊጥ እየዳመጥሁ፣ እናቴ ያነጠረችውን ቅቤ እየቀባሁ ባጥፈውም፣ ምድጃ ሲገባ ቅቤው ትሪው ላይ ይፈስሳል፤ ሊጡም ሳይነሣ እንደ ቂጣ ይደርቃል። ክሬሙም ይቀጥንብኛል። ስሕተቴ የት ይሆን?

መልስ (ከባሕር ዳር)
የእናትዎ ንጥር ቅቤ ለዶሮ ወጥ እንጂ ለዚህ አይሆንም። ሚልፎኒን የሚያነሣው እርሾ ሳይሆን፣ በሊጡና በቅቤው ውስጥ ያለው ውኃ በምድጃው ሙቀት ተንኖ፣ በቅቤ የተለያዩትን ስስ ሽፋኖች ወደ ላይ ሲገፋቸው ነው። የገበታ ቅቤ ከመቶ 16 ያህሉ ውኃ ነው፤ ሲነጠር ግን ይህ ውኃ ያልቃል። ከዚህም በላይ የቀለጠ ቅቤ ሊጡ ውስጥ ስለሚሰርግ ንብርብር አይፈጠርም። ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤ በሊጡ እንደ ፖስታ ጠቅልለው ይዳምጡት፤ ለሦስት ያጥፉት፤ ሁለት ሁለት ጊዜ ባጠፉት ቁጥር ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ያሳርፉት። ስድስት ጊዜ ለሦስት ከታጠፈ 729 የቅቤ ሽፋን ይኖረዋል፤ የጣሊያንኛ ስሙ «ሺህ ቅጠል» ማለት ስለሆነ ብዙም አልተጋነነም። በ200 ዲግሪ ገደማ ይጋግሩት። እኔ ቀኑ ስለሚሞቅብኝ የምሠራው ሳይነጋ ነው፤ እናንተ ማርቆሶች በብርዳችሁ ታድላችኋል።

መልስ (ከፍኖተ ሰላም)
ከገበያ የተገዛ ለጋ ቅቤም አሬራው በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ ካልወጣለት ሊጡን ያረጥበዋል። ክሬሙን በተመለከተ፣ ለግማሽ ሊትር ወተት 4 የእንቁላል አስኳል፣ 100 ግራም ስኳርና 40 ግራም የበቆሎ ስታርች ይበቃል። አስኳሉ ውስጥ ስታርችን የሚያቀጥን ነገር ስላለ፣ ክሬሙ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ሳያቋርጡ ማማሰል ያስፈልጋል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ስለዚህ ክሬሙን በፈላ ውኃ ላይ አስቀምጠው ከማሞቅ ይልቅ በቀጥታ እሳት ላይ ይጣዱት። ክሬሙን የሚጨምሩበት ግን ሊበሉት ሲሉ ነው፤ ካደረ ሊጡ ይልማል።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለጾም ቀንስ በማርጋሪን ይሆናል?

መልስ (ከባሕር ዳር)
ሊጡ ይሆናል፤ እንዲያውም ጠንካራው ማርጋሪን ቶሎ ስለማይቀልጥ ለጀማሪ ይቀላል። ወተት የተጨመረበት ማርጋሪን ስላለ ግን ማሸጊያውን ያንብቡ።